አንድ ገብቶ ሁለት የሚወጣበት ብረት

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ፒያሳ ወርቅ ቤት ውስጥ ነው የምሠራው። የሻኪሶ ኤመራልድ ሊሸጥ የመጣ ሰው «በውስጡ ያለው ብረት አንድ ኒውትሮን ገብቶበት ሁለት ያወጣል» አለኝ። ዋጋ ማስወደጃ መስሎኝ ሳቅሁ። እውነት ከሆነ ትርፉ ከየት ይመጣል? የማይታይ ነገርስ እንዴት ይቆጠራል?

መልስ፦ ሰውዬው አልዋሸህም፤ ዋጋ ግን አትጨምርለት። ብረቱ ቤሪሊየም ነው፤ ከአሉሚኒየም ይቀላል፤ በኤመራልድ ውስጥ በክብደት 5 በመቶ ገደማ ብቻ ይገኛል።

ትርፍ ያልኸው ኒውትሮን አዲስ የተፈጠረ አይደለም። ኒውትሮን በአቶም እምብርት ውስጥ የሚገኝ ቅንጣት ነው፤ በቤሪሊየም እምብርት ካሉት አምስቱ አንዱ ሚኒባስ በር ላይ እንደተንጠለጠለ ተሳፋሪ ነው። እሱን ለማላቀቅ 1.67 ሚሊዮን ኤሌክትሮን ቮልት (የቅንጣቶች ጉልበት መለኪያ ነው) ይበቃል። ዲዩቴሪየምና ትሪቲየም የሚባሉት ከባድ የሃይድሮጅን ዓይነቶች ሲዋሃዱ የሚወጣው ኒውትሮን ደግሞ 14.1 ሚሊዮን ይዞ ይመጣል። ሂሳቡን ይከፍልና ሁለት ሆነው ይወጣሉ፤ የቀረው እምብርት ወዲያው ለሁለት ሂሊየም ይሰነጠቃል። ጉልበቱ አልተረፈም፤ ተከፋፈለ እንጂ። (ስለ «ነፃ ኃይል» የሚጽፉልኝ አንባቢዎች ይህቺን ይያዙልኝ።)

ይህ የሚፈለገው እነዚህን ሁለቱን አዋህደው ኃይል ለማውጣት ለሚታሰቡ የውህደት ማብላያዎች ነው። አንድ ትሪቲየም ሲነድ አንድ ኒውትሮን ይሰጣል፤ ያም ሊቲየም መትቶ ሌላ ትሪቲየም መተካት አለበት። በየግድግዳው የሚቀረው ሲታሰብ እንደ ቤሪሊየም ያለ ማካካሻ ከሌለ ሂሳቡ አይዘጋም።

ወደ ቆጠራው ልምጣ። አራት ኪሎ ላቦራቶሪ ሳስተምር ለተማሪ የጋይገር ቆጣሪ (ጨረር በነካው ቁጥር ጠቅ የሚል መሣሪያ) ሰጥቼ «መጀመሪያ ባዶውን ቁጠር» እለው ነበር። ባዶ ጠረጴዛ ላይ ጠቅ ጠቅ ሲል «ተበላሽቷል» ብሎ የሚመልስልኝ አይጠፋም። ከሰማይና ከግድግዳው የሚመጣው ጨረር ነው፤ እሱ ካልተቀነሰ የቀረው ልፋት ከንቱ ነው።

የቤሪሊየም ብዜትም የሚለካው በዚሁ መንገድ፣ መጀመሪያ ያለ እሱ በመቁጠር ነው። የኒውትሮን ምንጩን ማንጋኒዝ ሰልፌት የሟሟበት ትልቅ ገንዳ መሃል ያስቀምጡታል። ውሃው ያዘገያቸዋል፣ ማንጋኒዙ ይውጣቸዋል። የዋጠው ማንጋኒዝ በየ2.6 ሰዓቱ በግማሽ እየቀነሰ ጋማ ጨረር ይለቃል፤ የሚቆጠረው እሱ ነው። አንድ ጊዜ ምንጩን ብቻውን፣ ቀጥሎ በቤሪሊየም ቅርፊት ሸፍነው። የሁለቱ ንፅፅር የብዜቱን መጠን ይሰጣል። ግን የውሃው ሃይድሮጅንና የሰልፌቱ ድኝም ድርሻቸውን ይወስዳሉ፣ ከገንዳው የሚያመልጡም አሉ፤ እያንዳንዱ መታረም አለበት። አድካሚው ሥራ እዚህ ላይ ነው።

ከገንዳው ውጤት ጋር የሚነጻጸረውን ስሌት የሚሠራው ኮምፒውተር ነው፤ ዘዴው ሞንቴ ካርሎ ይባላል። በ1940ዎቹ ሎስ አላሞስ ተጀምሮ ስሙን ከሞናኮ ቁማር ቤት ወሰደ። ለእያንዳንዱ ኒውትሮን በየግጭቱ ዕጣ ይወጣል፦ ነጠረ? ተዋጠ? ሁለት ሆነ? ጉልበቱ ከ1.85 ሚሊዮን በታች ከወረደ ቤሪሊየም ሊያበዛው አይችልም፤ ስለዚህ ሁለቱ በየትኛው አቅጣጫና ምን ያህል ጉልበት ይዘው እንደወጡ በደንብ መታወቅ አለበት። ስሌቱና ገንዳው ሳይስማሙ ሲቀሩ ወጣቶቹ ገንዳውን ይጠረጥራሉ፤ እኔ ለዕጣው የተሰጡትን ቁጥሮች አስቀድሜ አያለሁ።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ልጄ። ኤመራልዱን እንደልብህ ያዘው፤ የነጠረ ቤሪሊየም የሚያመጣልህ ካለ ግን ሞረድ እንዳታነሳበት። ብናኙ ሳንባ ይጎዳል።