ይቀዳ ወይስ ይቀረጽ?

አንዲት አንባቢ ከደሴ ጽፋልኛለች። ለመውሊድ የሚቀርብ መንዙማ በድምፅና በምስል አስቀድመው አዘጋጁ። መግቢያው ላይ «ቀድሞ የተቀዳ» ብላ ብትጽፍ ባልደረባዋ «መቅዳት የውሃ ነው፣ የተቀረጸ በይ» ብሎ ሰረዘባት። ማናችን ነን ልክ ትላለች።

እታለም፣ እኔ ካንቺ ጋር ነኝ። ይሄ ነገር ስንት ዓመት ሲያንገበግበኝ ኖሯል።

የውሃ መሆኑስ እውነት ነው። ግዕዙ ቀድሐ ነው፤ በልዐ በላ እንደሆነው ሁሉ ሐ ወድቃ ቀዳ ሆነ። («ቀድሞ» ግን ከቀደመ ነው፤ አብረው ሲነገሩ ጆሮ ላይ ቢገጥሙም ዘመድ አይደሉም።) ታዲያ የውሃ መሆኑ ምን ነውር አለው? ቡና ከጀበና ወደ ሲኒ ሲቀዳ ያው ቡና ነው፣ ዕቃው ነው የተለወጠው። ድምፅም ከጉሮሮ ወደ ካሴት እንደዚያው ነው። ልጆች ሆነን የቴፑን ቀይ ቁልፍና ማጫወቻውን አንድ ላይ ተጭነን፣ ትንፋሻችንን ውጠን «ዝም በሉ፣ እየቀዳ ነው!» ነበር የምንባባለው። «እየቀረጸ ነው» ያለ ልጅ አላስታውስም።

ቀረጸ (በጸ ነው፣ አደራ) የድንጋይና የእንጨት ግስ ነው። ላሊበላ ሄዶ ቤተ ጊዮርጊስን ከላይ ቁልቁል ያየ ሰው መቅረጽ ምን እንደሆነ አይጠፋውም። የቀረጻ ወገኖች አንድ ጠንካራ ክርክር አላቸው፤ እሱም የዘፈን ሸክላ ነው። ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በ1900 ዓ.ም. ግድም ጀርመን አገር ሲዘፍኑ ድምፃቸው በመርፌ እየተጫረ ነው የተያዘው፤ ያ በእርግጥ ቅርጽ ነው። ካሴት ላይ ግን ማግኔት እንጂ የተጫረ ነገር የለም፤ ስልክሽ ውስጥማ ቁጥር ብቻ ነው።

ለምስል ግን፣ ሳልወድ፣ ተሸንፌያለሁ። አገሩ ሁሉ «ቀረጻ ላይ ነን» ይላል። ደግሞ «የተቀዳ ፊልም» ብትዪ ሰው ከሌላ የተገለበጠ ቅጂ ነው የሚመስለው፣ ይሄን መካድ አልችልም።

«ቀድሞ» እንኳ ትርፍ ናት፤ ሳይቀድም የሚቀዳ የለምና። እኔ ብሆን «ተቀድቶ የቀረበ» እላለሁ። ተመልካቹ ቀጥታ ስርጭት እንዳይመስለው ከሰጋሽ ግን «ቀድሞ» ትቆይ።

እንግዲህ የናንተው ምስልም ስላለበት ባልደረባሽ «የተቀረጸ» ቢል አልጣላውም። በሬዲዮ ወይም በስልክ ድምፁ ብቻ የሚሄድ ከሆነ ግን «የተቀዳ»ን እንዳታስነኪ።