62 ተማሪ፣ አንድ ብሎግ፦ ለእንግሊዝኛ መምህርቷ መልስ

ሰላም እህቴ፣ ጥያቄሽን አየሁት። ጎንደር፣ አዘዞ በኩል 10ኛ ክፍል እንግሊዝኛ ታስተምሪያለሽ፣ በአንድ ሴክሽን 62 ተማሪ አለሽ፣ እያንዳንዱ የራሱን ብሎግ ከፍቶ በየሳምንቱ እንዲጽፍ አስበሽ ከየት ልጀምር ነው ያልሽው። ሐሳቡን እደግፋለሁ። ልጆቻችን ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ትምህርቱን በእንግሊዝኛ ይማራሉ፣ ፈተናው ግን ምርጫ ስለሆነ አንድ አንቀጽ ከራሳቸው አውጥተው ሳይጽፉ 12ኛን የሚጨርሱ ሞልተዋል። "እያንዳንዱ የራሱን" የሚለውን ግን ከዛሬ ጀምረሽ ተዪው። የብዙ መምህር ጉልበት የሚያልቀው እዚያ ላይ ነው።

1ኛ. 62 አካውንት ለመክፈት አትሞክሪ። ጉግል አካውንት ሲከፈት አብዛኛውን ጊዜ ስልክ ቁጥር ይጠይቃል፣ አንድ ቁጥር ደግሞ ለጥቂት አካውንት ብቻ ነው የሚያገለግለው። ልጆቹ አይሲቲ ላብ ገብተው በአንቺ ቁጥር መክፈት ከጀመሩ፣ ጥቂቶቹ እንዳለፉ ቁጥሩ ከልክ በላይ አገልግሏል የሚል መልእክት ይመጣና ክፍለ ጊዜው በዚያው ያልቃል። በጎረቤት ወይም በአጎቱ ቁጥር የከፈተው ደግሞ የይለፍ ቃሉን ሲረሳ ኮዱ የሚመጣው ሰው ስልክ ላይ ነው። ይሄ ሁሉ ተሳክቶ እንኳ 62 አድራሻ እየዞርሽ ማንበብ አትችዪም።

በአንቺ አካውንት አንድ የክፍል ብሎግ በብሎገር (የጉግል የብሎግ አገልግሎት ነው) ክፈቺ፣ ነፃ ነው። እያንዳንዱ ልጅ የብዕር ስም ይኑረው፤ ጽሑፉ በወጣ ቁጥር "ሌብል" የሚለው ቦታ ላይ ያንን ስም አስገቢ። ስሙን የነካ ሰው የዚያን ልጅ ጽሑፎች ብቻ ተደርድረው ያገኛል። ልጁ የራሱ ገጽ አለው፣ አንቺ ግን የምትጠብቂው አንድ በር ነው።

ጽሑፉን ማስገቢያው ደግሞ ቀላል ነው። ሴቲንግ ውስጥ "ፖስት ዩዚንግ ኢሜይል" የሚለውን ከፍተሽ ሚስጥራዊ አድራሻ አውጪና እንደ ድራፍት (ገና ያልወጣ ረቂቅ) እንዲቀመጥ ምረጪ። ወደዚያ የተላከ ኢሜይል ርእሱ የጽሑፉ ርእስ ይሆናል፣ አንቺ ሳታዪው ምንም አይወጣም። ከ1 ለ 5 ቡድኑ ውስጥ ስልክና ኢሜይል ያለው አንድ ልጅ አይጠፋም፣ የቡድኑን እሱ ይላክ። ከሴክሽኑ 10 ወይም 11 ላኪ ይበቃሻል። ፎቶ ካለ መጀመሪያ በቴሌግራም እንደ ፎቶ ተልኮ መልሶ ይውረድ፤ ቴሌግራም ስለሚያሳንሰው 3 እና 4 ሜጋባይት የነበረው ወደ ጥቂት መቶ ኪሎባይት ይወርዳል፣ የልጆቹ ፓኬጅም ይተርፋል።

2ኛ. ጥበቃው። የኮሜንት ሞደሬሽኑን "ኦልዌይስ" ላይ አድርጊ (አንቺ ሳትፈቅጂ ኮሜንት አይወጣም)፣ መጻፍ የሚችለው ማንም እንዲሆን ፍቀጂ፣ አካውንት የሌላቸው ልጆች በብዕር ስማቸው ፈርመው ይጻፉ። ለፍለጋ ሞተር እንዲታይ የሚለውን ዝጊው። ብሎጉን ጨርሶ የግል ማድረግ ጥሩ ይመስላል፣ ግን አንባቢው ሁሉ ተጋብዞ በጉግል አካውንት መግባት ስላለበት ወላጅም ሌላ ክፍልም አያነበውም። የልጅ ሙሉ ስም፣ ፊት፣ የሰፈር ምልክትና ስለ ጸጥታ ጉዳይ የሚጻፍ ነገር አይውጣ፤ በዚህ ጊዜ ይሄ ለድርድር አይቀርብም። ለወላጅ በአማርኛ አንድ ገጽ የፈቃድ ቅጽ አዘጋጅተሽ አስፈርሚ። ርዕሰ መምህሩንም በቃል አትጠይቂ፣ በደብዳቤ አስገቢና ቁጥር አስይዢ። በቃል የተፈቀደ ነገር አንድ ወላጅ ቅሬታ ይዞ የመጣ ዕለት ማንም አያስታውሰውም። ላብ ላይም አትመኪ። ኮምፒውተሮቹ ይበላሻሉ ተብሎ ጨርቅ ለብሰው፣ ቁልፉ አንድ ሰው ኪስ ውስጥ ሆኖ ሴሚስተሩ የሚያልቅበት ትምህርት ቤት አለ። የልጆች ሀብት እንዲህ ተቆልፎበት ሲያረጅ ማየት ያናድዳል።

3ኛ. ሁልጊዜ መጀመሪያ ወረቀት ላይ። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት በኋላ በክልላችን ለወራት ሞባይል ዳታ ጠፍቶ እንደነበር ታውቂያለሽ። ደብተር ላይ የተጻፈ ሥራ ኔትወርክ ቢሄድም አይቆምም፤ ጽሑፎቹን ግድግዳ ላይ ለጥፈሽ ኮሜንቱን በቁራጭ ወረቀት ታስቀጥያለሽ። ሁለተኛው ምክንያት ጉግል ትራንስሌትና ቻትጂፒቲ ነው። ከ40ው ደቂቃ 5ቱን ለማብራሪያ፣ 20ውን ለጽሑፍ፣ 10ሩን ከጎን ካለው ልጅ ጋር ተነባብቦ ለማስተካከል ስጪ፣ በቀረው ደብተሩ ላይ ፈርሚ። በኋላ በኢሜይል የመጣው ከተፈረመበት ጋር ጨርሶ ካልተገናኘ ልጁን ጠርተሽ ሁለት ዓረፍተ ነገር እንዲያብራራልሽ ጠይቂው። ክስ አያስፈልግም፣ ማብራራት ካልቻለ የደብተሩ ይወጣል።

ርእሱም የሚገለበጥ አይሁን። ስለ ትምህርት ጥቅም ጻፉ ካልሽ 62 አንድ ዓይነት ጽሑፍ ይመጣልሻል። ፋሲል ግቢን ግለጹ ካልሽም የጉብኝት ብሮሹር ነው የሚመጣው። ይልቅ ቅዳሜ ገበያ ላይ እናታቸው ሽሮ እህል ስትገዛ ዋጋ እንዴት እንደተከራከረች፣ ውኃ የመጣ ሌሊት ቤት ውስጥ ማን ምን እንደሚሠራ፣ ለጥምቀት ወደ ፋሲለደስ መዋኛ በየት በኩል እንደሚሄዱ ይጻፉ። እንዲህ ያለው ነገር ማሽን ውስጥ የለም። መጀመሪያ 60 ቃል፣ ቀጥሎ 100፣ ሴሚስተሩ ሲያልቅ 150 በቂ ነው። በየሳምንቱ አይሁን፤ ክፍሉን ለሁለት ከፍለሽ ግማሹ በአንዱ ሳምንት ግማሹ በሌላው ይጻፍ። 31 ጽሑፍ በ3 ደቂቃ ሲነበብ አንድ ሰዓት ተኩል ነው፣ ከዚያ በላይ ከሆነ አንቺም ትሰለቻለሽ ብሎጉም ይሞታል።

አሁን ዋናው ነገር፣ እርማት። ብሎጉን ከአካውንቱ ችግር በላይ የሚገድለው ቀይ እስክሪብቶን ወደ ኮሜንት ሳጥን ማምጣት ነው። ሰው ፊት 14 ስሕተቱ የተቆጠረበት ልጅ ቀጥሎ የሚጽፈው የማይሳሳትበትን ብቻ ነው፦ አጭር፣ ባዶ፣ ከመጽሐፉ የተወሰደ። ኮሜንትሽ ጉዳዩ ላይ ይሁን፣ ትክክለኛውን አነጋገር በመልስሽ ውስጥ አሳዪው። ልጁ "ማይ ግራንድማዘር ሺ ሜክ ጠላ የስተርዴይ" ብሎ ከጻፈ፣ "ሶ ዩር ግራንድማዘር ሜድ ጠላ የስተርዴይ! ሁ ሄልፕድ ኸር?" በዪው። "ሺ" የምትለው ትርፍ ቃል ወጣች፣ ግሱም ተስተካከለ፣ ልጁ ደግሞ ለመመለስ "ሄልፕድ" የሚለውን ራሱ ይጽፈዋል። ሌላውን ስሕተት ደብተርሽ ላይ ልቀሚው። አርብ ዕለት ከተለያየ ጽሑፍ 8 ዓረፍተ ነገር ያለ ስም ሰሌዳ ላይ ጽፈሽ ክፍሉ ያርመው። በአንድ ዙር አንድ ዓይነት ስሕተት ብቻ ያዢ፦ በዚህ ዙር ኃላፊ ጊዜ፣ በሚቀጥለው አርቲክል (ኤ፣ ኤን፣ ዘ)።

አንባቢ ያለበት ጽሑፍ ከሰዋስው ያለፈ ነገር ያስተምራል። ጠዋት 2 ሰዓት ወደ ትምህርት ቤት እንሄዳለን የሚለውን እንደወረደ የጻፈ ልጅ፣ የውጭ አንባቢ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ መንገድ ላይ ያየዋል። ጎንደር በ1628 ተቆረቆረች ያለውም በእንግሊዝኛ መጻሕፍት 1636 ነው የሚያገኘው። ሰዓቱንም ዘመኑንም ለአንባቢው መቀየርን የመጀመሪያው ወር ላይ ልመጃቸው፤ የእኛን አቆጣጠር መተው ካልፈለጉ አይተዉት፣ ሁለቱንም ይጻፉ።

የተማሪ ኮሜንት ላይ "ናይስ" እና "ጉድ ጆብ" አይቆጠርም በዪ። ሦስት ነገር ይኑረው፦ ከጽሑፉ የወሰደው አንድ ነገር፣ ከራሱ ሕይወት የሚመሳሰል ነገር፣ እውነተኛ ጥያቄ። 25 ቃል ይበቃል። እያንዳንዱ ልጅ በስም ጥሪ ከእሱ ቀጥለው ላሉት 3 ልጆች ይጻፍ፤ እንደዚያ ካልሆነ ጎበዞቹ ጋ 15 ኮሜንት ተከምሮ ዝምተኞቹ ባዶ ይቀራሉ። የተጠየቀ ልጅ በሳምንቱ ይመልስ፣ መልሱም ማርክ አለው። ከተከታታይ ምዘናው 10 ከመደብሽ 4ቱን ለጽሑፍ፣ 4ቱን ለኮሜንት፣ 2ቱን ለመልስ ስጪ። በስሕተት ቁጥር አትቀንሺ።

በሴሚስተሩ መጨረሻ ሴቲንግ ውስጥ "ባክ አፕ ኮንቴንት" የሚለውን ተጭነሽ ፋይሉን ፍላሽ ላይ አስቀምጪ። ዲፓርትመንቱ ማስረጃ ሲጠይቅሽ የተፈረሙት ደብተሮችና ይሄ ፋይል ይበቁሻል። የይለፍ ቃሉን ለሌላ አንድ የምታምኚው የእንግሊዝኛ መምህር በታሸገ ፖስታ ስጪ፤ ዝውውር ቢመጣብሽ ልጆቹ መሀል መንገድ ላይ እንዳይቀሩ።