አትኪንሰኑ ዳገት ላይ ለምን ይጠፋል? ፖምፓውን ከመፍታታችሁ በፊት

ጥያቄ፦ «ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው እንግሊዝ አገር ቦልተን ነው። ጎረቤቴ ጡረታ የወጡ የከባድ መኪና ሹፌር ናቸው። የ1962 አትኪንሰን የጭነት መኪና አላቸው፤ ተሳቢ የሌለው ባለ አራት አክስል፣ ሞተሩ ጋርድነር 6ኤልኤክስ። ቅዳሜ ቅዳሜ አብረን እንሠራበታለን። ጠዋት የሚነሳው ሞተሪኖው ብዙ ካዞረው በኋላ ነው። ከተነሳ ሩብ ሰዓት ያህል ደህና ይሠራል። ከዚያ ዙሩ ከፍ ዝቅ ይላል፣ ዳገት ላይ ጉልበት ያጣል፣ በመጨረሻ ይጠፋል። በእጅ ናፍጣ ስንሞላው ተመልሶ ይነሳል። መሬት ላይ አንድም ጠብታ አይታይም። አንድ ጋራዥ የናፍጣ ፖምፓውና ኖዝሎቹ በሙሉ መታደስ አለባቸው ብሎ ብዙ ገንዘብ ጠየቀን። እናሠራው?»

መልስ፦ አታሠሩት። ቢያንስ አሁን አታሠሩት፤ ገንዘባችሁን ያዙ። የነገርከኝ ምልክት ሁሉ የሚያመራው ወደ አንድ ነገር ነው። ሞተሩ ከናፍጣው ጋር አየር እየሳበ ነው።

እስቲ አስበው። ኖዝል (ናፍጣውን ሲሊንደር ውስጥ የሚረጨው) ቢበላሽ ኖሮ በእጅ ስለሞላችሁት አይሻለውም ነበር። ማንኳኳቱና ጥቁር ጭሱ ያው ይቀጥላል። የናፍጣ ፖምፓው (ናፍጣውን በኃይል ወደ ኖዝሎቹ የሚገፋው ትልቁ) ውስጡ ቢበላ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የሚያስቸግረው ሞቆ ከቆመ በኋላ ነው። ናፍጣ ሲሞቅ ይቀጥናል፤ በተበላው በኩል ያመልጣል። የእናንተው ግን ሲያድር ነው የሚያስቸግረው። ሌሊቱን ናፍጣው ቀስ እያለ ወደ ታንኩ ይመለሳል። ጠዋት መስመሩ ባዶ ሆኖ ይጠብቃችኋል። በእጅ ስትሞሉት ይነሳል። ይሄ የአየር ጠባይ ነው።

ለማረጋገጥ ነገ ጠዋት ጭሱን ተመልከት። ሞተሪኖው ሲያዞረው ከማርሚታው ነጭ ጭስ ከወጣ ናፍጣ ገብቷል፤ ግን አልተቃጠለም። ምንም ጭስ ከሌለ ናፍጣው ጭራሽ አልደረሰም። የእናንተ ሁለተኛው ይመስለኛል።

«ጠብታ አይታይም» ማለትህ በጣም ጠቅሞኛል። ከታንኩ እስከ ትንሿ መሳቢያ ፖምፓ ድረስ ናፍጣው የሚመጣው ተስቦ ነው። እዚያ ቀዳዳ ካለ ናፍጣ ወደ ውጭ አይወጣም፤ አየር ወደ ውስጥ ይገባል። በተሰነጠቀ ስትሮ ለስላሳ ስትጠጣ አየር ብቻ አፍህ እንደሚሞላው ማለት ነው። ከመሳቢያ ፖምፓዋ በኋላ ያለው መስመር ግን ግፊት አለው። እዚያ ቢሆን ኖሮ ሲያፈስ ታዩት ነበር። መሬቱ ደረቅ መሆኑ ራሱ ፍለጋችሁን በግማሽ ያሳጥረዋል። ዳገት ላይ የሚብስበትም ምክንያት ይኸው ነው። ሞተሩ ሙሉ ናፍጣ የሚጠይቀው እዚያ ነው። መሳቡ ሲበረታ የሚገባው አየርም ይበዛል።

ወደ ሥራው ከመግባታችን በፊት ስለዚህ ሞተር ትንሽ ልበል። እኔ ላንክሻየር ውስጥ ጋራዥ የገባሁት በ1980ዎቹ መጀመሪያ ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው)። አገር ቤት በኤንትሬ ድምፅ ላደገ ሰው የጋርድነር ድምፅ እንግዳ ነበር። ረጋ ብሎ፣ አንድ በአንድ እየቆጠረ ይሠራል። ስራ ፈት ሲል ዙሩ ከ500 በታች ይወርዳል፤ አይንቀጠቀጥም፣ አይጠፋም። እስከ ዛሬ ያንን ድምፅ ስሰማ እቆማለሁ።

ደግሞም የእናንተ መኪና የሰፈራችሁ ልጅ ነው። ሞተሩ የተሠራው ማንቸስተር አጠገብ ፓትሪክሮፍት ነው። ሻሲው የተገጠመው ፕሬስተን አጠገብ ዋልተን-ለ-ዴል ነው። ሁለቱም ከቦልተን ሩቅ አይደሉም። 6ኤልኤክስ በ1958 ሲወጣ 10.45 ሊትር ይዞ፣ በ1700 ዙር 150 የፈረስ ጉልበት ነበር የሚሰጠው። ይህ ዛሬ የአንድ ቫን ጉልበት ነው። ያኔ ግን ከነጭነቱ እስከ 24 ቶን የሚመዝን መኪና ይጎትት ነበር፤ ነዳጅ የሚበላውም በቁጠባ ነበር። ለጭነት ድርጅት ባለቤት ከዚህ የበለጠ ምን አለ? ለዚህ ነው የከባድ መኪና ፋብሪካዎቹ አትኪንሰን፣ ፎደን፣ ኢአርኤፍ ሁሉ ጋርድነር ይገጥሙ የነበሩት። ኤድዊን ሪቻርድ ፎደን ከቤተሰቡ ፋብሪካ ወጥቶ በ1933 ኢአርኤፍን ሲያቋቁም የመጀመሪያው መኪና ሞተር ጋርድነር 4ኤልደብልዩ ነበር። የሻሲ ቁጥሩንም 63 አለው፤ ያኔ ዕድሜው ነው። በ1960ዎቹ ጋርድነር የፈለገ ድርጅት ወረፋ ይጠብቅ ነበር።

እኔን ሥራ ያስተማሩኝ ሽማግሌዎች ወጣትነታቸውን ያሳለፉት በብሪቲሽ ሮድ ሰርቪስስ ቀያይ መኪኖች ላይ ነው። መንግሥት የረጅም መንገድ ጭነት ድርጅቶችን ወርሶ በ1948 ያቋቋመው ነው። ከ1953ቱ ሕግ በኋላ ብዙዎቹ መኪኖች ተመልሰው ለግለሰብ ተሸጡ። ሽማግሌዎቹ ስለ ሻፕ ሲያወሩ መስማት ነበረብህ። ሻፕ ኤ6 መንገድ ላይ ያለ ዳገት ነው፤ ከባሕር ወለል በላይ 400 ሜትር ያልፋል። ፈጣኑ መንገድ ኤም6 በዚያ በኩል በ1970 እስኪከፈት ድረስ ከላንክሻየር ወደ ስኮትላንድ የሚሄደው ብዙው ጭነት የሚወጣው በእሱ ነበር። እስከ 1957 ድረስ ደግሞ ለከባድ መኪና የተፈቀደው ፍጥነት በሰዓት 20 ማይል ብቻ ነበር። በክረምት፣ በበረዶ፣ ማሞቂያ በሌለው ጋቢና ውስጥ፣ ጭነቱን በገመድና በሸራ አስረው ያንን ይወጡታል። ጎረቤትህ ይህን መንገድ ሳያውቁት አይቀሩም፤ ጠይቃቸው።

ታዲያ እነዚያ መኪኖች ዳገት ላይ የማይጠፉት ተአምር ኖሮ አይደለም። ሹፌሩ ማታ ሲገባ የጉድለት ወረቀት ይሞላል። የማታ መካኒክ ያያታል። ፊልትሮ በጊዜው ይቀየራል፣ ጎማ ቱቦው ሳይሰነጠቅ ይነሳል፣ ማያያዣው ሁሉ ይጠበቃል። ፖምፓ የሚፈታው መጨረሻ ላይ ነው። እናንተም በዚሁ መንገድ ሂዱ።

አንድ ነገር አስቀድማችሁ ጠይቁ። ታንኩ ሙሉ ሲሆን ይጠፋል ወይስ ግማሽ ሲደርስ? ታንኩ ውስጥ ከላይ እስከ ታች የሚወርድ መሳቢያ ቱቦ አለ። ስድሳ ዓመት ያለፈው ቱቦ ላይኛው ክፍሉ በዝገት ይበሳል ወይም ይሰነጠቃል። ታንኩ ሙሉ ሲሆን ቀዳዳው ናፍጣ ውስጥ ስለሚሆን ምንም አይታወቅም። ናፍጣው ሲጎድል ቀዳዳው ይገለጣል፤ አየር ይስባል። ሙሉውን ሲሆን የማይጠፋ ከሆነ ሌላ ቦታ አትድከም፤ ቱቦውን አውጥተህ እየው። ጫፉ ላይ ወንፊት ካለው እሱንም እጠበው።

የታንኩ ክዳንም አለ። መተንፈሻው በቀለም ወይም በቆሻሻ ከተደፈነ ታንኩ አየር ያጥረዋል፤ ናፍጣው መምጣት ያቆማል። እሱም ሩብ ሰዓት ግድም ሠርቶ መጥፋት ነው ጠባዩ። ሲጠፋባችሁ ወዲያው ክዳኑን ክፈቱ። «ፍስስ» ካለ ችግሩ እሱ ነው። የጠዋቱን ችግር ግን ይህ አይገልጸውም፤ ስለዚህ ለእናንተ ዋናው እሱ አይመስለኝም።

አሁን ወደ ትልቁ ፈተና። ንጹሕ ጀሪካን ናፍጣ ሙላ። ከሞተሩ ከፍ አድርገህ ጋቢናው በኩል አስቀምጠው፤ እንዳይወድቅ እሰረው። ከታንኩ የሚመጣውን ቱቦ ከመሳቢያ ፖምፓዋ መግቢያ ላይ ፍታ፤ በቦታው ከጀሪካኑ የሚመጣ አዲስ ቱቦ ግጠም። ከፖምፓዋ መውጫ እስከ ፊልትሮው ባለው መካከል ደግሞ ናፍጣ የሚችል የሚያሳይ ፕላስቲክ ቱቦ አስገባ። ይህ ለጊዜው ነው፤ ከፈተናው በኋላ ይወጣል። አየሩን አውጥተህ አስነሳው፤ ቆሞ ለግማሽ ሰዓት ዙሩን ከፍ ዝቅ እያደረግህ አሠራው። ቱቦው ውስጥ አረፋ ካላየህና ካልጠፋ ጥፋቱ ከታንኩ እስከ ፖምፓዋ ድረስ ነው። አረፋው ከጀሪካንም እየሳበ ከቀጠለ ጥፋተኛዋ ራሷ መሳቢያ ፖምፓዋ ናት። ይህን ሳያደርግ የናፍጣ ፖምፓ ይታደስ የሚል መካኒክ በግምት ነው የሚሠራው።

ጥፋቱ መስመሩ ላይ ከሆነ ከጎማ ቱቦዎቹ ጀምር። እዚህ አገር የሚሸጠው ናፍጣ እስከ 7 በመቶ ባዮዲዝል አለበት። የዱሮው ጎማ ለእሱ አልተሠራም፤ ያብጣል ወይም ይደርቃል፣ ከውስጥ ይላጣል። ከውጭ ደህና መስሎ ከውስጥ የተበላ ብዙ አይቻለሁ። አጎንብሰህ አትመርምረው፤ ሁሉንም ለባዮዲዝል በሚሆን ቱቦ ቀይራቸው። ማያያዣዎቹ ላይ ያሉትን የመዳብ ሮንዴላዎችም ቀይር፤ ዋጋቸው ምንም አይደለም። አዲስ ካጣህ አሮጌውን ደብዘዝ ያለ ቀይ እስኪሆን አሙቀህ ውኃ ውስጥ ክተተው፤ መዳቡ ይለሰልሳል፣ እንደገና ይይዛል። ይህን ከመኪናው ራቅ ብለህ ሥራ። ጋቢናው ፋይበር በእንጨት ላይ ነው፤ እሳት አይወድም። ቴፍሎን ቴፕ ደግሞ በፍጹም አትጠቅልልበት። ቁርጥራጩ ገብቶ ጤነኛውን ፖምፓ ያበላሽብሃል።

መሳቢያ ፖምፓዋ አማል የሚባለው ሥሪት ከሆነች በውስጧ ያለው ጎማ ልባስና ሁለቱ ትናንሽ ቫልቮች ናቸው የሚያረጁት። መለዋወጫው ጋርድነር ላይ ብቻ ከሚሠሩ ሰዎች ዘንድ ይገኛል። አብረህ የዘይት መለኪያውን አውጥተህ አሽትት። ዘይቱ ከፍ ብሎ ናፍጣ ናፍጣ ካለህ ልባሱ ተቀዶ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ከሆነ ዘይቱን ሳትቀይር ሞተሩን እንዳታስነሳ።

አየር ስታወጣ ቅደም ተከተሉን ጠብቅ። የፊልትሮውን ማስወጫ ብሎን ላላ አድርግ። መሳቢያ ፖምፓዋን በእጅ ማንሻዋ ምታት። አረፋ የሌለው ጥርት ያለ ናፍጣ ሲመጣ አጥብቀው። ቀጥለህ የናፍጣ ፖምፓውን እንዲሁ አድርግ። ጋርድነር ላይ ደስ የሚለው ነገር የሚመጣው ከዚያ ነው። ለእያንዳንዱ ሲሊንደር የራሱ ትንሽ ማንሻ አለው። አንድ በአንድ በጣትህ ትመታቸዋለህ። መጀመሪያ ላይ ባዶ ነው። ናፍጣው ኖዝሉ ጋ ሲደርስ እጅህ ላይ ይከብዳል፤ ኖዝሉም ድምፅ ያሰማል። እዚያ ላይ አቁም። ከዚያ በላይ ከመታኸው ናፍጣ ሲሊንደር ውስጥ ይጠራቀማል፤ ግድግዳው ላይ ያለውን ዘይት ያጥበዋል። ስድስቱም ከከበዱልህ መኪናው ብዙ ሳይዞር ይነሳል። ቀዝቃዛ ጠዋት ላይ እንኳ ይህ ሞተር ኢተር አያስፈልገውም። የማስነሻ እስፕሬይ የሚባለውን እንዳትነፋበት፤ ፒስተን ይሰብራል።

ክረምቱን ሙሉ ቆሞ ከከረመ ግን ቶሎ አታስነሳው። መጀመሪያ ቫልቮቹን ከፍቶ ግፊቱን የሚያቀለውን ማንሻ አንሳ። ናፍጣውን ዘግተህ በሞተሪኖው አዙረው። የዘይት ግፊት መለኪያው ሲነሳ ብቻ ወደ ማስነሳት ሂድ።

ጥንቃቄ አትርሱ። ከሥር ከመግባታችሁ በፊት ጎማዎቹ ላይ ሽብልቅ አድርጉ። የእጅ ፍሬኑን ብቻ አትመኑ፤ የ1962 ፍሬን ነው። ሞተሩ እየሠራ ሳለ የኖዝል ቱቦ የሚያፈስ ከመሰለህ በእጅህ አትፈልገው። ግፊቱ ቆዳ በስቶ ይገባል፤ እጅ ያስቆርጣል። ካርቶን ያዝለት።

ከተጠገነ በኋላ ታንኩን ከሥሩ አፍስሱት። የሚወጣውን በጠርሙስ ተመልከቱ። ውኃ ወይም ጥቁር አተላ ካለ ባክቴሪያ ገብቶበት ሊሆን ይችላል። ታንኩን አጥባችሁ፣ ፀረ ባክቴሪያውን ልክ ጠርሙሱ ላይ በተጻፈው መጠን ጨምሩ፤ ፊልትሮውን ከጥቂት ጉዞ በኋላ እንደገና ቀይሩ። ክረምት ላይ ስታቆሙት ታንኩን ሞልታችሁ አቁሙት። ባዶ ቦታ ሲኖር በቅዝቃዜው እርጥበት ይጠራቀማል።

ይህን ሁሉ አድርጋችሁ፣ ከጀሪካንም እየሳበ አረፋ ሳይኖረው አሁንም ዳገት ላይ ከጠፋ፣ ያኔ የናፍጣ ፖምፓውን እንጠርጥር። ያኔም ቢሆን ማኅተሙን እናንተ አትፍቱት። የእያንዳንዱ ሲሊንደር መጠን ለየብቻው ተለክቶ የተዘጋ ነው። መለኪያ ማሽን ያለውና ጋርድነር የሚያውቅ ሰው ጋ ውሰዱት። ሳያወልቅ በፊት አሁን ያለውን ልክ ጽፎ እንዲሰጣችሁ ጠይቁት።