ሐኪም ያዘዘልኝን ቴስቶስትሮን ማቆም አቃተኝ

ጥያቄ፦ 36 ዓመቴ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት ድካም አልለቅ ሲለኝ ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። ከሰዓት በኋላ አንድ ጊዜ ደም ተወስዶ «ቴስቶስትሮንህ (የወንድ ሆርሞን) ዝቅ ብሏል» ተብዬ መርፌ ታዘዘልኝ፤ መጠኑም ሁለት ጊዜ ጨመረ። በቅርቡ ልተወው ብሞክር በሦስተኛው ሳምንት ከአልጋ መነሳት አቃተኝ፣ ሆዴ ይባባል፤ መልሼ ጀመርኩት። እኔና ባለቤቴ ልጅ እንፈልጋለን። ሱስ ይዞኛል?

መልስ፦ ጥገኝነት ይዞዎታል፤ መነሻውም የተዛባው ትእዛዝ ነው። ቴስቶስትሮን ከፍ የሚለው ጠዋት ስለሆነ ምርመራው ምግብ ሳይቀመስ ጠዋት፣ በተለያዩ ቀናት ቢያንስ ሁለት ጊዜ ይሠራል። ሁለቱም ዝቅ ካሉ ችግሩ የዘር ፍሬው ይሁን ከአንጎል ሥር ያለው ፒቱታሪ ዕጢ ለመለየት ፒቱታሪ ለዘር ፍሬው ትእዛዝ የሚልክባቸው ኤልኤች እና ኤፍኤስኤች የተባሉት ሆርሞኖች ይለካሉ። የእንቅልፍ ችግር፣ ከልክ ያለፈ ውፍረትና ኦፒዮይድ ማስታገሻም (እንደ ሞርፊን ያለ ጠንካራ የሕመም መድኃኒት) ሆርሞኑን ያወርዱታል። ይህ ሁሉ ሳይታይ መርፌ ማዘዝ ትልቅ ስህተት ነው።

ቴስቶስትሮን ከውጭ ሲገባ ፒቱታሪ ኤልኤችና ኤፍኤስኤች ማመንጨቱን ይገታል። ትእዛዝ ያጣው የዘር ፍሬ ይሟሽሻል፤ የወንድ ዘር ቁጥርም እስከ ዜሮ ሊወርድ ይችላል። መርፌውን ሲያቆሙ መድኃኒቱ በሳምንታት ውስጥ ከደም ያልቃል፣ የራስዎ ሆርሞን ግን ገና አልተነሳም። በሦስተኛው ሳምንት የወደቁት ለዚህ ነው። በዚያ ሰሞን ተለክቶ ዝቅ ያለ ውጤት መርፌው የዕድሜ ልክ እንደሚያስፈልግዎ አያረጋግጥም፤ ጉድለቱን ያመጣው ራሱ መድኃኒቱ ሊሆን ይችላል።

ብቻዎን አያቋርጡ። የመጀመሪያውን የምርመራ ውጤት፣ የታዘዙትን መጠኖችና ቀኖች ይዘው የሆርሞን ስፔሻሊስት ያግኙ። ሄማቶክሪት (ቀይ የደም ሴሎች በደም ውስጥ ያላቸው ድርሻ፤ ከ54 በመቶ በላይ ከሆነ መርፌው ይቆማል)፣ የደም ቅባትና የወንድ ዘር ምርመራ ይጠይቁ። ልጅ እንደምትፈልጉ መጀመሪያ ይናገሩ፤ የሕክምናውን አቅጣጫ ይለውጠዋል። የዘር ፍሬው መልሶ እንዲሠራ የሚያነሳሱ ኤችሲጂ ወይም ክሎሚፊን የተባሉ መድኃኒቶች ሊታዘዙ ይችላሉ፤ በራስዎ ገዝተው ግን አይሞክሩ። የወንድ ዘር ብዙ ጊዜ ከ6 እስከ 12 ወር፣ አንዳንዴም እስከ 2 ዓመት ወስዶ ይመለሳል። መጀመሪያውኑ እውነተኛ ጉድለት ከነበረ ሕክምናው ሊቀጥል ይችላል፤ ይህን የሚለየው ካቆሙና ሰውነት ጊዜ ካገኘ በኋላ በጠዋት የሚደገም ምርመራ ነው።

ድባቴው ራሱን የቻለ ሕክምና ይፈልጋል። ራስን የማጥፋት ሐሳብ ከመጣብዎ ቀጠሮ ሳይጠብቁ በዚያው ቀን ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ፤ ባለቤትዎም ይህን ከወዲሁ ይወቁ።