ከሬጅስትራር መስኮት ጀርባ

ልጆቼ፣

ሠላሳ አንድ ዓመት ሬጅስትራር ቢሮ ሠርቼ ነው ጡረታ የወጣሁት። መስኮቷ ዝቅ ብላ ስለተሠራች ተማሪው ሁሉ ጎንበስ ብሎ ነበር የሚያናግረኝ። ያን ጊዜ ጎንበስ ያሉ አንዳንዶቹ ዛሬ ዶክተር ናቸው። መንገድ ላይ ሲያዩኝ እኔ ጎንበስ እላለሁ።

በመጨረሻዎቹ ዓመታት ከመስኮቷ ይልቅ ጊዜዬን የሚወስደው ከውጭ የሚመጣ ጥያቄ ሆነ። ከአሜሪካ፣ ከካናዳ፣ ከዱባይ፣ ከሪያድ፦ «ይህ ሰው የእናንተ ምሩቅ ነው ወይ?» ዲግሪ ምን እንደሆነ በደንብ የገባኝ ያኔ ነው። ሳሎን የሚሰቀለው ወረቀት ዋጋ የሚኖረው ከሃያ ዓመት በኋላም አንድ ሠራተኛ መዝገብ ገልጦ «አዎ፣ የኛ ነው» እስካለ ድረስ ነው።

የጎረቤቴን ልጅ ነገር ላጫውታችሁ። እናቷ እንጀራ እየሸጠች በአንድ የግል ኮሌጅ ነርሲንግ አስተማረቻት። ተመረቀች፣ ድንኳን ተጥሎ ጠላ ጠጣን። ሳዑዲ ሥራ አግኝታ ማስረጃዋን ልታስረጋግጥ ስትሄድ ግን «የተማርሽበት ካምፓስ ለዚህ ፕሮግራም ፈቃድ የለውም» ተባለች። «ጋሼ፣ በሩ ላይ እኮ ዕውቅና ያለው ይላል» ብላ እየሮጠች ቤቴ መጣች። ውሸት አልነበረም። ኮሌጁ ዕውቅና አለው፤ ለሌላ ትምህርት፣ በሌላ ካምፓስ።

ይህን ነው ብዙዎቻችሁ የማታውቁት። የዕውቅና ፈቃድ ለኮሌጁ ስም በጅምላ አይሰጥም። ለእያንዳንዱ ፕሮግራም፣ ለእያንዳንዱ ደረጃ፣ ለእያንዳንዱ ካምፓስ ለየብቻ ነው፤ መደበኛውና የርቀቱም ይለያያል፤ ጊዜውም ያልቃል። በ1995 በአዋጅ ቁጥር 351 የከፍተኛ ትምህርት አግባብነትና ጥራት ኤጀንሲ ሲቋቋም ጀምሮ ይህን የሚቆጣጠር መሥሪያ ቤት አለን፤ ዛሬ የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ይባላል። ከመመዝገባችሁ በፊት የፕሮግራሙንና የካምፓሱን ስም ጽፋችሁ ይዛችሁ እዚያ ሂዱና ጠይቁ። ኮሌጁ የሚያሳያችሁን ፎቶ ኮፒ አትመኑ። ኮፒው እውነተኛ ሆኖ ቀኑ ያለፈበት ሲሆን ብዙ ጊዜ አይቻለሁ።

የመግቢያ ውጤታችሁንም እንደዚሁ። የ12ኛ ክፍል ነጥቡ ወይም ሲኦሲው (የሙያ ብቃት ምዘናው) ሳይሟላ «ግድ የለም፣ ግቡ» የሚላችሁ ኮሌጅ ክፍያውን ይቀበላል፣ ጣጣው ግን የእናንተ ነው። ማስረጃ ሲጣራ የሚታየው የመጨረሻው ወረቀት ብቻ አይደለም፤ ወደ ኋላ ተሄዶ በምን ውጤት እንደገባችሁ ይታያል። ከ2015 ወዲህ ደግሞ የመውጫ ፈተና አለ። እሱን ያላለፈ ዲግሪ የለውም፤ ጋዋን ለብሶ የተነሣው ፎቶ ብቻ ነው የሚቀረው።

ወደ ውጭ ስትሄዱ ነገሩ መልኩን ይቀይራል። የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴርና የኤምባሲው ማህተም የሚናገሩት ፊርማው እውነተኛ መሆኑን ነው፤ ትምህርታችሁ እዚያ አገር ስንት ይመዝናል የሚለውን ሌላ አካል ነው የሚወስነው። አሜሪካ ውስጥ ይህን ለሁሉ የሚሠራ የመንግሥት መሥሪያ ቤት የለም፤ እንደ ወርልድ ኤጁኬሽን ሰርቪስስ ያሉ የግል መዛኞች ናቸው ኮርስ በኮርስ የሚተረጉሙት። ጀርመን አናቢን የሚባል የመረጃ ቋት አላት፤ ዩኒቨርሲቲያችሁ እዚያ ኤች ፕላስ፣ ማለትም ዕውቅና ያለው፣ ተብሎ ከተመዘገበ ደግ ነው። በባህረ ሰላጤው አገሮች ለጤና ባለሙያ ዳታፍሎው የሚባል ማስረጃ አጣሪ ድርጅት አለ፤ ጥያቄውን በቀጥታ ለተማራችሁበት ቢሮ ይልካል። የአቻ ግምት አገኘሁ ማለትም የሥራ ፈቃድ አገኘሁ ማለት አይደለም። ሐኪሙ፣ ነርሱ፣ ጠበቃው የዚያን አገር የሙያ ፈተና ገና ይጠብቀዋል። በቨርጂኒያ ታክሲ የሚነዱ ሐኪሞችን ወሬ ሁላችሁም ሰምታችኋል፤ አንዳንዱ ዲግሪው ተቀባይነት አግኝቶለት ፈተናው ላይ ነው የቀረው።

እኔን ይበልጥ ያንገበገበኝ ግን ትንንሹ ነገር ነው። ፀሐይ የምትባል ልጅ ፓስፖርቷ ላይ በቲና በኤስ ተጽፎ ትራንስክሪፕቷ ላይ በኤስ ብቻ ተጻፈ። ለእኛ አንድ ስም ነው፤ ለካናዳው ሠራተኛ ሁለት ሴት ናት። ሌላው ቅጹ ላይ የተመረቀበትን ዓመት 1998 ብሎ ሞላ፣ ዲግሪው 2006 ይላል፤ ስምንት ዓመት የዋሸ መሰላቸው። የሥራ ባልደረባዬ ደግሞ ከአለማያ ነው የተመረቀው። ዩኒቨርሲቲው በ1998 ሐሮማያ ተብሎ ስሙ ሲቀየር እሱ ደመወዝ መብላት ከጀመረ ቆይቷል። «እንዲህ የሚባል ዩኒቨርሲቲ አላገኘንም» የሚል መልስ መጣለት። ሁለቱ አንድ መሆናቸውን የሚገልጽ ደብዳቤ እስኪደርስ ወራት ሄዱ።

ከውጭ ተምራችሁ ለምትመለሱም አንድ ነገር። ድረ ገጹ ላይ «አክሬዲትድ» የሚል ማህተም ያላየሁበት የኦንላይን ዩኒቨርሲቲ የለም። ማን ዕውቅና ሰጠው ብላችሁ ጠይቁ፣ ለሰጪውስ ማን ሰጠው ብላችሁ ድገሙ። አሜሪካዊ ከሆነ የትምህርት ሚኒስቴራቸው በይፋ ያስቀመጠው ዝርዝር አለ። እዚያ ከሌለ ዶላራችሁን ያዙ።

ኮስት ሼሪንጋችሁን (የትምህርት ወጪ መጋራት ዕዳችሁን) ቶሎ ጨርሱ፤ በቴምፖ፣ በጊዜያዊው ማስረጃ፣ ብዙ አትዘልቁም። ኦፊሻል ትራንስክሪፕት በታሸገ ፖስታ ነው የሚላከው፣ ማሸጊያው ላይ ማህተም ይደረጋል። አንድ ልጅ «ስሜ በትክክል መጻፉን ልይ» ብሎ ቀዶት ተመልሶ መጣ። ስሙን ማየት የነበረበት ቅጹ መስኮቱ ላይ ሲሞላ ነበር። እናንተ ጎንበስ ብላችሁ፣ ፓስፖርታችሁን አውጥታችሁ፣ ሠራተኛው ቢሰለችም ፊደል በፊደል አስነብቡት። እኔ እንኳ ስንት ጊዜ ተሰላችቻለሁ።

የጎረቤቴ ልጅ አሁን ሌላ ኮሌጅ ሁለተኛ ዓመት ናት። ፈቃዱን ባለሥልጣኑ ድረስ ሄደን አብረን ነው ያየነው።