ለወንድሜ ወገን ድል ብጸልይ ኃጢአት ነው?

ጥያቄ፦ መምህር፣ ሰላመ እግዚአብሔር ይድረስዎ። የምኖረው ፒያሳ ነው፤ የማስቀድሰውም አራዳ ጊዮርጊስ። ወር በገባ በ21 የምንጠጣው የእመቤታችን ጽዋ ማኅበር አለን። ባለፈው ወር ጸበል ጸዲቁን ቀምሰን ገና ሳንነሣ፣ ባለተራዋ ወረቀት አወጣችና "ጦር ሜዳ ላሉ ልጆቻችን መዋጮ እንጻፍ" አለች። ወረቀቱ ዞረ። እትዬ የምንላቸው አንድ እናት አሉ፤ የወንድማቸው ልጅ የተሰለፈው በሌላኛው ወገን ነው። ወረቀቱ ሲደርሳቸው ምንም ሳይጽፉ ለጎናቸው አሳለፉት። ከዚያ ወዲህ ማኅበር አልመጡም። በቴሌግራም ግሩፓችን ደግሞ የተገደሉ ሰዎች ቪዲዮ ይለቀቃል፤ ከሥሩ "እነሱ ማለት ይህ ናቸው" ተብሎ። የእኔ ታናሽ ወንድም ወታደር ነው። ለእርሱ ወገን ድል ብጸልይ ኃጢአት ነው? መዋጮውን ልክፈል ወይስ ልተው? ቪዲዮውን ሰው እንዲያውቀው ብዬ ባስተላልፍስ? ዝም ካልኩ ደግሞ ፈሪ የሆንኩ ይመስለኛል።

መልስ፦ እኅቴ፣ ወንድምሽን እግዚአብሔር በሰላም ይመልስልሽ። በክርስትና ስሙ እየጠራሽ መጸለይሽን አታቋርጪ። ለእርሱ መጸለይ ኃጢአት ነው የሚልሽ ካለ አትስሚው። ከባዱ የቀረው ነው፤ ትንሽ ታገሺኝ።

መጀመሪያ መጽሐፈ መሳፍንትን ከምዕራፍ 19 እስከ 21 አንብቢ። በስብከት ብዙ አይነሣም፤ ለጆሮ የሚከብድ ታሪክ ስለሆነ ይመስለኛል። ግን አንድ ሕዝብ ለሁለት ተከፍሎ እርስ በርሱ ለመዋጋት እንዴት እንደሚነሣ ከዚህ በላይ ፍንትው አድርጎ የሚያሳይ ክፍል በመጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ አላውቅም።

አንድ ሌዋዊ ከዕቁባቱ ጋር ሲጓዝ የብንያም ነገድ ከተማ በሆነችው በጊብዓ አደረ። የከተማዋ ክፉ ሰዎች ቤቱን ከበቡ። ዕቁባቱን ሌሊቱን ሙሉ አዋረዷት፤ ሞተች። ሰውዬው አስከሬኗን ለ12 ቆራርጦ ወደ እስራኤል አገር ሁሉ ላከ። ያየ ሁሉ፣ እንዲህ ያለ ነገር ተደርጎ አያውቅም አለ። ሰይፍ የሚመዝ 400 ሺህ ሰው በምጽጳ ተሰበሰበ። "እንደ አንድ ሰው ሆነው" ይላል መጽሐፉ።

እዚህ ላይ ቆም በይ። በደሉ እውነተኛ በደል ነው፤ ማንም አልፈጠረውም። ነገር ግን ሌዋዊው በጉባኤው ፊት ቆሞ ምን ብሎ እንደመሰከረ ምዕራፍ 20 ቁጥር 5 ላይ እዪ። ሊገድሉኝ አሰቡ፣ ዕቁባቴን አዋረዷት፣ ሞተች አለ። ምዕራፍ 19 ቁጥር 25 ላይ ግን ይዞ ወደ ውጭ ያወጣላቸው እርሱ ራሱ ነው። ይህችን ዘለላት። ከዚያ ሁሉ ሰው መሀል "እሷን ማን አወጣት?" ብሎ የጠየቀ አንድም አልተጻፈልንም። የተቆራረጠ ገላ ፊቱ የተዘረጋለት ሰው ጥያቄ መጠየቅ ያቅተዋል።

ስለ ቪዲዮው የጠየቅሽኝ እዚህ ጋ ተመልሷል። ቪዲዮው እውነት ሊሆን ይችላል። የሞተውም የእናት ልጅ ነው። ግን ማን እንደቀረጸው፣ ከፊቱ ምን እንደነበረ፣ ከኋላው ምን እንደተቆረጠ አንቺ አታውቂም። "እነሱ ማለት ይህ ናቸው" የሚለውን የጻፈው ሰው ደግሞ ለሟቹ አላዘነም፤ ቢያዝን ሬሳውን ለሰው ዓይን አይሰጥም ነበር። አታስተላልፊው። ከስልክሽም አጥፊው። ማስረጃ ነው ብለሽ የምታምኚ ከሆነ ለሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን ይሰጣል እንጂ በጽዋ ማኅበር ግሩፕ አይለቀቅም። እኛ ሬሳን የምንገንዝ፣ ፍትሐት የምናደርስ ሰዎች ነን።

አሁን ወደ ሌላኛው ወገን እንሂድ። የእስራኤል ነገዶች ወደ ብንያም ሰዎች ልከው ወንጀለኞቹን ስጡን አሏቸው። ቢሰጡ ኖሮ ጉዳዩ የፍርድ ጉዳይ ሆኖ ያልቅ ነበር። ብንያም ግን እምቢ አለ። 26 ሺህ ሰው አሰለፈ፤ በዚያ ላይ ከጊብዓ 700 የተመረጡ። ከእነዚህ አብዛኞቹ በዚያች ሌሊት ጊብዓ ውስጥ አልነበሩም። ወሬውን ሲሰሙ እነርሱንም ሳይሰቀጥጣቸው አልቀረም ብዬ አምናለሁ። ሆኖም ወንጀለኞቹ "የኛ" ነበሩ። የራስን ጥፋተኛ አሳልፎ መስጠት ውርደት መሰላቸው፤ ስለ ጥቂት ወራዶች ነገዱ ሁሉ ጋሻ አነሣ። አንዱ ወገን በቁጣ፣ ሌላው ጥፋተኛውን በመሸሸግ፣ ሁለቱም ሜዳ ወጡ።

ከሁሉ የሚያስደነግጠኝ ግን ምዕራፍ 20 ቁጥር 18 ነው። እስራኤል ከመዝመታቸው በፊት እግዚአብሔርን ጠየቁ። ምን ብለው? የብንያምን ልጆች ለመውጋት ማን ይቅደም ብለው። እንውጣ ወይ አላሉም። ያ ምጽጳ ላይ ተቆርጦ አልቋል፤ ለእግዚአብሔር የቀረችለት የተራ ጉዳይ ብቻ ናት። በመጀመሪያው ቀን 22 ሺህ ሰው አለቀባቸው። ከዚህ በኋላ ነው "ወንድሜ ብንያም" የሚለው ቃል ከአፋቸው የወጣው። "ወይስ ልተው?" እስኪሉ ድረስ ደግሞ ሌላ 18 ሺህ ሞተ። በመጨረሻ አሸነፉ። ከብንያም በአንድ ቀን 25 ሺህ 100 ሰው ወደቀ፤ ወደ ሬሞን ዓለት ያመለጡት 600 ናቸው። ምዕራፍ 21 ሲከፈት በእግዚአብሔር ፊት ድምፃቸውን ከፍ አድርገው የሚያለቅሱት አሸናፊዎቹ ናቸው፤ ዛሬ ከእስራኤል አንድ ነገድ ለምን ታጣ እያሉ።

እንግዲህ "ለወንድሜ ወገን ድል ስጥ" ብለሽ ስትጸልዪ የጸለይሽው የቁጥር 18ን ጸሎት ነው። ውሳኔውን ሰው ወስኖታል፤ አንቺ ከሥሩ ማኅተም እንዲያደርግበት ነው እግዚአብሔርን የለመንሽው። ስለዚህ ይህን ጸሎት ተዪው። ወንድምሽን በሕይወት እንዲመልሰው፣ እጁን ከንጹሕ ሰው ደም እንዲጠብቀው፣ አዛዦቹ "ወይስ እንተው?" የሚለውን ጥያቄ ብዙ ሺህ ሰው ሳያልቅ እንዲጠይቁ ጸልዪ። የእትዬን የወንድም ልጅ የክርስትና ስምም ጠይቂያቸውና ከወንድምሽ ስም ጋር አብረሽ ጥሪው። ምናልባት አንዱ በአንዱ ላይ እያነጣጠረ ይሆናል። ለሁለቱም በሕይወት መመለስ እንጂ ለአንዱ መግደል እንዴት ይጸለያል?

ይህን የምልሽ የእኛ የቤተ ክርስቲያን ሰዎች ሁልጊዜ እንዲህ ስላደረግን አይደለም። የምታስቀድሺበት ደብር ራሱ ታሪክ አለው። መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም.፣ በመስቀል ዕለት፣ መኳንንቱ የምኒልክ ወራሽ ልጅ ኢያሱ ሰልመዋል ብለው ከሰሱ። ከመሐላቸው እንዲፈቷቸውም አቡነ ማቴዎስን ጠየቁ። ጳጳሱም መኳንንቱን ፈቱ፤ ኢያሱንም አወገዙ። ልክ በወሩ፣ ጥቅምት 17፣ ሰገሌ ላይ የወሎና የሸዋ ጦር ተገናኘ። ወሎን የመሩት የኢያሱ አባት ንጉሥ ሚካኤል ናቸው። ባለቤታቸው የነበሩት ወይዘሮ ሸዋረጋ የምኒልክ ልጅ፣ የንግሥት ዘውዲቱ እኅት ናቸው። የቤተሰብ ጦርነት ነበር። ንጉሥ ሚካኤል ተሸንፈው ተማረኩ። እኛ ለጥምቀት ታቦታቱን በምናጅብበት ጃንሜዳ በሰንሰለት ታስረው በድል ሰልፉ ላይ አለፉ። ዘውዲቱ የካቲት 4 ቀን አራዳ ጊዮርጊስ ዘውድ ጫኑ።

ከ13 ዓመት በኋላ ደግሞ የንግሥቲቱ የቀድሞ ባል ራስ ጉግሣ ወሌ በንጉሥ ተፈሪ መንግሥት ላይ ተነሡ። አንቺም በተባለው ቦታ ውጊያው ከመጀመሩ በፊት አውሮፕላን በጦራቸው ላይ ወረቀት በተነ። ከወረቀቱ አንዱ የጳጳሳት ግዝት ነበር፤ ጉግሣን የተከተለ ውጉዝ ነው የሚል። መጋቢት 22 ቀን 1922 ዓ.ም. ራስ ጉግሣ ተገደሉ። ዘውዲቱም በሁለተኛው ቀን ዐረፉ።

አባቶችን ለመክሰስ አይደለም ያነሣሁት። መኳንንቱም ጳጳሳቱም በዘመናቸው ያስጨነቃቸው ነገር ነበር። ግን የምእመን ልብ ለመሐላና ለግዝት እንደሚንቀጠቀጥ የሚያውቅ ሰው ጦር ሲያሰናዳ መጀመሪያ የሚመጣው ወደ ቤተ ክርስቲያን ነው። ዛሬ ደግሞ እስከ ጽዋ ማኅበር ይመጣል። ባለተራዋ ክፉ ሴት ናት አላልኩም፤ የሷም ልጅ እዚያ ይሆናል።

በሌላ አገርም እንዲሁ ሆኗል። አሜሪካ ውስጥ በባርነት ጉዳይ መጀመሪያ የተሰነጠቁት አብያተ ክርስቲያናት ናቸው። ሜቶዲስቶች በፈረንጆች 1844፣ ባፕቲስቶች በ1845። ጥይቱ የተተኮሰው በ1861 ነው። ፕሬዚዳንት ሊንከን 75 ሺህ ዘማች ሲጠሩ፣ እስከዚያ ቀን ያመነቱ አራት ግዛቶች ባርነትን ይዞ ወደ ተገነጠለው ደቡብ ገቡ፤ የአንዱ ክተት የሌላውን ክተት ወለደ። በዚያው ዓመት የሰሜኑም የደቡቡም ፕሬዚዳንቶች ሕዝባቸው ለድል እንዲጸልይ የጾምና የጸሎት ቀን አወጁ። ፈቃደኛ ሲጠፋ ግዳጅ መጣ። በሰሜን 300 ዶላር የከፈለ ይቀራል፤ በደቡብ 20 ባሪያ ላለው እርሻ አንድ ነጭ ይቀርለታል። ከ600 ሺህ በላይ ሰው ካለቀ በኋላ፣ በ1865፣ ሊንከን ራሳቸው ሁለቱም አንድ መጽሐፍ ቅዱስ ያነባሉ፣ ወደ አንድ አምላክ ይጸልያሉ፣ እያንዳንዱም በሌላው ላይ እንዲረዳው ይለምነዋል ብለው ተናገሩ። ባርነት መቅረት ነበረበት፤ ይህን ማንም ክርስቲያን አይከራከርም። ታዲያ እነዚያ ምእመናን ገና በ1844 አንድ ማዕድ ላይ እያሉ እውነቱን ለመነጋገር ቢጨክኑ ምን ይሆን ነበር እያልኩ አስባለሁ።

የእኛን የቅርቡን፣ የሰሜኑን ጦርነት፣ አንቺም አይተሻል። ጥቅምት 28 ቀን 2014 ዓ.ም. መስቀል አደባባይ ጦርነቱን ለመደገፍ በወጣ ሰው እንዴት እንደሞላ ታስታውሺያለሽ። ዓመት ሳይሞላ፣ ጥቅምት 23 ቀን 2015፣ ፕሪቶሪያ ላይ ተፈራረሙ። በመሀል የሞተውን ቆጥሮ የጨረሰው የለም። በትግራይ ያሉ አባቶችም ከማዕከሉ ተለይተው የራሳቸውን መዋቅር አቆሙ። የፖለቲከኞቹ ፊርማ ቀድሞ ደረቀ፤ የእኛ ቁስል ገና ነው።

ዝም ካልኩ ፈሪ እሆናለሁ ላልሽው፣ 1ኛ ነገሥት 12ን እዪ። ሮብዓም ከይሁዳና ከብንያም 180 ሺህ ሰልፈኛ ሰበሰበ፤ አሥሩን ነገድ ሊወጋ። ሸማያ የሚባል የእግዚአብሔር ሰው መጣና፣ አትውጡ፣ ወንድሞቻችሁን አትውጉ፣ እያንዳንዱ ወደ ቤቱ ይመለስ አላቸው። ሰሙት፤ ተመለሱ። ልብ በዪ፣ ሸማያ ጠላትን አልሰደበም። የተናገረው ለራሱ ወገን፣ ጦሩን ሰብቆ ለቆመው ነው። ሰው ሁሉ በሚጮህበት ግሩፕ ላይ አብሮ ለመጮህ ድፍረት አያስፈልግም። በራስሽ ማኅበር ውስጥ "ይህን ቪዲዮ አትልቀቁብን፣ እትዬ ለምን ቀሩ?" ማለት ግን ድፍረት ይጠይቃል።

መዋጮው ላይ አጭር ልሁን። ለቁስለኛ፣ ለተፈናቀለ፣ ልጁ ለሞተበት ቤት ከሆነ ስጪ፤ ከየትኛው ወገን ነው ብለሽም አትጠይቂ። ለጥይትና ለስንቅ ከሆነ ግን የጽዋ ማኅበር ሥራ አይደለም። መንግሥት ግብር የሚሰበስብበት መንገድ አለው፤ የእመቤታችን ጽዋ በሚነሣበት ቤት መሆን የለበትም። ባለተራዋን ለብቻዋ ቡና ጠርተሽ አናግሪያት። በግሩፑ ላይ አይሁን፤ እዚያ ክርክር ይሆናል። እሺ ካላለች ስምሽን አትጻፊ፤ ከማኅበሩ ግን አትቅሪ። እትዬ ዘንድ ደግሞ ዛሬ ነገ ሳትዪ ሂጂ። ዲያቆኑ በየቅዳሴው "ተአምኁ በበይናቲክሙ"፣ እርስ በርሳችሁ ሰላምታ ተሰጣጡ፣ ሲል አጠገባችን ላለው እጅ እንነሣለን፤ እርሳቸው ከጎንሽ ሲጠፉ ግን ይህ ሰላምታ ጎድሎበታል።

የወንድምሽ ነገር ይቀራል። ወታደር መሆኑ በራሱ ከእግዚአብሔር አይለየውም። ጭፍሮች መጥምቁ ዮሐንስን ምን እናድርግ ሲሉት ጦሩን ጥላችሁ ሂዱ አላላቸውም። በማንም ላይ ግፍ አትሥሩ፣ ማንንም በሐሰት አትክሰሱ፣ ደመወዛችሁ ይብቃችሁ አላቸው። ይህንኑ በስልክ ስታገኚው ንገሪው፦ የተማረከ ሰው አይመታም፣ ሴት አትደፈርም፣ የገበሬ በሬ አይነዳም፣ ትእዛዙ ከማንም ቢመጣ። ቅዱስ ባስልዮስ በጦር ሜዳ የገደለን ወታደር እንደ ነፍሰ ገዳይ አልቆጠረውም። ግን እጁ ንጹሕ አይደለምና ሦስት ዓመት ከቅዱስ ቁርባን ቢቆይ መልካም ነው ብሎ መክሯል። ለወንድምሽ ስንት ጊዜ እንደሚሆን የሚወስነው የንስሐ አባቱ ነው። ሲመለስ ጀግና ብላችሁ አጨብጭባችሁ ብቻ እንዳትተዉት፤ ማታ ማታ እንቅልፍ ከነሳውም ጠበሉም ሐኪሙም አይቅርበት። አሁን ስልክ የሚሠራበት ቦታ ካለና መጠየቅ የሚፈልገው ነገር ካለው ራሱ ይጻፍልኝ፤ ለእርሱም እመልሳለሁ።