«ቤተኝነት ይሰማዎታል?» ብለሽ አትጠይቂ

ጥያቄ፦ 34 ዓመቴ ነው። በአሜሪካ፣ ሜሪላንድ ውስጥ በአንድ የሕዝብ ትምህርት ቤት ሂሳብ አስተምራለሁ፤ ማታ ደግሞ የዶክትሬት ትምህርት እከታተላለሁ። ለመመረቂያ ጥናቴ የመረጥሁት ርእስ የጥቁር መምህራን የቤተኝነት ስሜት ነው። አማካሪዬ «ዓይነታዊ ጥናት ይሁን» ብለውኛል፤ ከቁጥር ይልቅ ሰዎች በቃላቸው የሚናገሩትን የሚመረምር ማለት ነው፤ እኔ ግን የለመድሁት ቁጥር ነው። ስንት ሰው ላነጋግር? ኢትዮጵያ ተወልጄ በ19 ዓመቴ የመጣሁ ጥቁር መምህርት መሆኔስ ጥናቱን ያበላሸው ይሆን? ያዘጋጀኋቸውን 15 ጥያቄዎች አያይዣለሁ። የመጀመሪያው «በትምህርት ቤትዎ ቤተኝነት ይሰማዎታል?» የሚል ነው።
ቁጥር የለመደች

መልስ፦ አንቺ ብዬ ብጽፍልሽ አትቀየሚ፤ የመጨረሻዋ ልጄ በሁለት ዓመት ትበልጥሻለች። አሁን ያንን የመጀመሪያ ጥያቄሽን ሰርዢው።

ከዓመታት በፊት እኔም እዚያው አሜሪካ አሥራ አንድ ጥቁር መምህራንን ይህንኑ ጠይቄ ነበር። ሁሉም «አዎ፣ ባልደረቦቼ መልካም ሰዎች ናቸው» አሉኝ። አንዷ ግን መቅረጫውን ከዘጋሁ በኋላ፣ ኮቷን እየለበሰች፣ «ምሳዬን መኪናዬ ውስጥ ነው የምበላው፤ ስምንት ዓመት ሆነኝ» አለችኝ። ቀድሞ የሰጠችኝ መልስ ውሸት አልነበረም። «ይሰማዎታል ወይ?» የተባለ ሰው ጨዋ መልስ ይሰጣል፤ የጠየቅሁት ጨዋነቷን ነበር፣ ያገኘሁትም እርሱን ነው።

ስለዚህ ስለ ስሜት ሳይሆን ስለ ውሎ ጠይቂ። «ትናንት ከመኪናዎ ከወረዱበት ሰዓት ጀምሮ እስኪወጡ ድረስ ይንገሩኝ» በይና ዝም በይ። ምሳ የት ተበላ? በስብሰባ ላይ ማን አጠገብ ተቀመጡ? ከማስተማር ሌላ ምን ሥራ ይሠራሉ? በዚህ በመጨረሻው ላይ ታገሺ። የቀድሞው የአሜሪካ የትምህርት ሚኒስትር ጆን ኪንግ እ.ኤ.አ. በ2016 «የማይታይ ግብር» ብለው የጻፉለት ነገር እዚህ ጋ ብቅ ሊል ይችላል፦ የሌላ አስተማሪ ክፍል ውስጥ ያስቸገረ ጥቁር ተማሪ ሁሉ ወደ ጥቁሩ መምህር ይላካል። ነገር ግን «ይህ ደርሶብዎታል?» ብለሽ ቃሉን አታጉርሻቸው። ከመጣ ራሱ ይምጣ፤ ካልመጣም አለመምጣቱ መረጃ ነው።

ቋንቋችን በዚህ ርእስ አድሎሻል፤ ቃለ መጠይቁን በእንግሊዝኛ ብታደርጊውም በአማርኛ እያሰብሽ አዘጋጂው። ቤተኛ ማለት ሳይጋበዝ ጓዳ የሚዘልቅ ሰው ነው፤ ተቃራኒው ባይተዋር ነው። ታዲያ ቤተኛነቱ የየትኛው ቤት ነው? በመምህራን ማረፊያ ክፍል ባይተዋር የሆነ ሰው በተማሪዎቹ ዘንድ፣ በወላጆቻቸው ዘንድ፣ በሙያው ውስጥ ፍጹም ቤተኛ ሊሆን ይችላል። እንዲያውም ማረፊያ ክፍሉን የማይፈልገው ይኖራል። ጥናትሽ ይህንን ካልለየ የሁሉንም ድምፅ አንድ ድስት ውስጥ ከትቶ ያማስላል።

ታሪኩንም አትዝለይ። እ.ኤ.አ. በ1954 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በብራውን ጉዳይ ትምህርት ቤቶችን በዘር መለያየት ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል ብሎ ወሰነ። ውሳኔው በደቡብ ግዛቶች ሲፈጸም ግን የተዘጉት በብዛት የጥቁሮቹ ትምህርት ቤቶች ነበሩ፤ በሺዎች የሚቆጠሩ ጥቁር መምህራንና ርእሳነ መምህራንም ከሥራቸው ተፈናቀሉ። ልጆቹ ወደ ነጮቹ ትምህርት ቤት ሲገቡ አስተማሪዎቻቸው በር ላይ ቀሩ። አያቷ ከተፈናቀሉት አንዷ የሆነች መምህርት ቤተኝነትን ስታወራ የምታወራው ስለ አንድ ርእሰ መምህር ጠባይ ብቻ አይደለም።

እዚህ ላይ ያንቺ ጉዳይ ይመጣል። የአሜሪካ ቅጽ አንቺንም ያቺን መምህርትም «ጥቁር ወይም አፍሪካ አሜሪካዊ» በሚል አንድ ሳጥን ውስጥ ያስገባችኋል። አንቺን ባይተዋር የሚያደርግሽ አነጋገርሽ ሊሆን ይችላል፤ እርሷን ደግሞ በገዛ አገሯ የወረሰችው ነገር። እኔ ብሆን ለዚህ ጥናት እዚያው ተወልደው ያደጉትን ብቻ እወስድ ነበር። እንዳንቺ ከውጭ የመጡት ጓደኞችሽ ቅር ይላቸዋል፤ ይበላቸው። ጥቂት ሰዎችን አነጋግሮ ሁለት የተለያዩ ታሪኮችን መሸከም አይቻልም።

ጥቂት ስል፣ እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመ አንድ ታዋቂ ጥናት በሁለት የምዕራብ አፍሪካ አገሮች ከተደረጉ 60 ቃለ መጠይቆች አብዛኛው ጭብጥ በመጀመሪያዎቹ 12 ውስጥ መገኘቱን አሳይቷል። ሰዎቹ ግን ተመሳሳይ ነበሩ። በ12 ጀምሪ፤ አዲስ ነገር መስማት እስክታቆሚ ቀጥዪ። «ከ12ቱ 9ኙ» ብለሽ አትጻፊልኝ፤ ሦስቱ ምን እንዳሉ ጻፊልኝ።

ኢትዮጵያዊት መሆንሽ ጥናቱን አያበላሸውም። የሚያበላሸው «መቼም ታውቂዋለሽ» ሲሉሽ ራስሽን መነቅነቅሽ ነው። «አላውቀውም፤ ይንገሩኝ» በይ። አስቀድመሽም አንዲት ጓደኛሽ በራስሽ ጥያቄዎች አንቺን ትጠይቅሽና ቅጂውን አዳምጪው። የሚያሳፍርሽን ቦታ ምልክት አድርጊበት።

እንቅልፍ ሊነሳሽ የሚገባው ግን ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2020-21 የትምህርት ዘመን ከአሜሪካ የሕዝብ ትምህርት ቤት መምህራን ጥቁሮቹ 6 በመቶ ያህል ብቻ ነበሩ። በአንድ ትምህርት ቤት አንድ ብቻ ጥቁር የፊዚክስ መምህር ካለ ስሙን ለውጠሽ ምን ትደብቂያለሽ? የዩኒቨርሲቲሽ የጥናት ሥነ ምግባር ቦርድ የስምምነት ቅጽሽን አይቶ ያጸድቅልሽ ይሆናል፤ ርእሰ መምህሩ ግን ጥናትሽን ሲያነብ ሰውዬውን በሁለተኛው መስመር ያውቀዋል። ስለዚህ ሰዎችሽን በርእሰ መምህር በኩል አትመልምዪ፤ ከራስሽ ትምህርት ቤትም አንድም ሰው አትውሰጂ፤ በአካል የምታገኚያቸውን ከግቢው ውጭ አግኚያቸው። የሚያስተምሩትን ትምህርት፣ ከተማውንና የአገልግሎት ዘመኑን አደብዝዢ። የምትጠቅሺውን ቃል ሳታትሚ በፊት ለባለቤቱ ላኪለት። የሥራ ባልደረቦችን በአንድ የቡድን ውይይት አታስቀምጪ፤ ማብራሪያም አያስፈልገውም።

ያቺን ምሳዋን መኪናዋ ውስጥ የምትበላ መምህርት ዐረፍተ ነገሯን ልጠቀምበት ብዬ ደውዬላት ነበር፤ መቅረጫው ተዘግቶ የተነገረ ቃል የእኔ አልነበረምና። ሁለት ሳምንት አስባበት፣ የምታስተምረውና ከተማዋ እንዳይጠቀስ ብላ ፈቀደችልኝ። መኪናው ውስጥ ሬዲዮ ትከፍት እንደሆነ፣ መስኮቱን ትዘጋ እንደሆነ መጠየቁን ግን ያን ጊዜም ረሳሁት። ከ15ቱ ጥያቄዎችሽ አምስቱን ብቻ አስቀሪ፤ የመጨረሻው «ያልጠየቅሁዎት ነገር ምን አለ?» ይሁን። እንግዳሽ ኮቱን ለብሶ እስኪጨርስም መቅረጫውን በፈቃዱ ክፍት ተዪው።